ሥጋ፣ ጾምና ክኒን፦ ስለ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም አያያዝ የተካሄደው ረጅም ክርክር

ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ላለበት ሰው በቅድሚያ ሊታዘዝለት የሚገባው የምግብ ሥርዓት ነው ወይስ መድኃኒት? ከምግቡስ ካርቦሃይድሬት ምን ያህል ይቀነስ? እነዚህ ጥያቄዎች በቅርብ ዓመታት የተነሡ ቢመስሉም ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ አስቆጥረዋል። በየዘመኑ የተሰጠው መልስም በማስረጃ ብቻ ሳይሆን፣ በጊዜው በነበረው መድኃኒት፣ በጊዜው እጅግ ይፈራ በነበረው በሽታና በሕሙማኑ የመታገሥ አቅም ጭምር የተወሰነ ነበር። ዛሬ አንድ ሕሙም «እንጀራና ዳቦ ትቼ መድኃኒቱን ላቁም?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ መስጠት ያለበት የጤና ባለሙያ ይህን ታሪክ ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ቀድሞ ከተሠሩት ስሕተቶች ብዙዎቹ ዛሬም ሊደገሙ የሚችሉ ናቸውና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ማቲው ዶብሰን በ1776 የስኳር ሕሙማን ሽንት ብቻ ሳይሆን የደማቸው ውኃማ ክፍልም ጣፋጭ መሆኑን አሳየ። በዚህም ሕመሙ የኩላሊት ብቻ ነው የሚለው የቆየ አስተሳሰብ መናወጥ ጀመረ። ከሃያ ዓመታት በኋላ በእንግሊዝ የመድፈኛ ጦር ሐኪም የነበረው ስኮትላንዳዊው ጆን ሮሎ፣ ቀድሞ ወፍራም የነበረና በሕመሙ ምክንያት ከስቶ የመጣ ካፒቴን ሜሬዲዝ የተባለ መኮንን ለማከም ተነሣ። ሮሎ ስኳሩ የሚፈጠረው በጨጓራ ውስጥ ከአትክልትና ከእህል ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር ለመኮንኑ ያዘዘለት ምግብ በዋናነት ከእንስሳት የሚገኝ ነበር፤ ወተት፣ ከደምና ከሞራ ብቻ የተዘጋጀ ምግብ፣ የቆየና የሰባ ሥጋ። ሕሙሙ ተሻለው፤ የሮሎም መጽሐፍ በ1797 ታተመ። ሮሎ ስኳሩ ይፈጠርበታል ያለውን ቦታ ተሳስቷል፤ ያዘዘው ምግብ ግን ሠርቷል። ይሁን እንጂ ዛሬ ስሙን እንደ አርማ የሚያነሡ ሰዎች ሁለት ነገሮችን ይዘነጋሉ። አንደኛ፣ ሮሎ ከምግቡ ጋር ኦፒየምንና ሌሎች መድኃኒቶችን አብሮ ይሰጥ ነበር፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ታዋቂ የዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ሕክምና ራሱ ምግብና መድኃኒት የተጣመሩበት ነበር። ሁለተኛ፣ ሕሙማኑ ሥርዓቱን ጠብቀው መቆየት እንደሚያቅታቸው ሮሎ ራሱ አማርሯል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ክርክሩ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። ክሎድ በርናር ጉበት ራሱ ስኳር እንደሚሠራና ግላይኮጅን የተባለውን ንጥረ ነገር እንደሚያከማች በማሳየቱ፣ ስኳሩ ሁሉ ከማዕድ የሚመጣ ነው የሚለው ሐሳብ ከባድ ፈተና ገጠመው። ለበርናር ግኝት ምስጋና ይግባውና ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳይበላ ያደረ ሕሙም ጠዋት የደም ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ አንደነቅም። ያም ሆኖ አፖሊኔር ቡሻርዳ የተባለው የፓሪስ ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ የምግብን ጉዳይ አልተወም። ከተማዋ በ1870ና በ1871 በጀርመን ጦር ተከብባ ምግብ በራሽን በሚታደልበት ወቅት፣ የሚያክማቸው ሕሙማን ሽንት ከስኳር እየጠራ መሄዱን አስተዋለ። ካርቦሃይድሬትን መቀነስ፣ በጠቅላላው ጥቂት መብላትና በጡንቻ መሥራት የሕክምናው ሦስት ምሰሶዎች ሆኑ። በኔፕልስ አርናልዶ ካንታኒ ከዚህም አልፎ ሕሙማኑን በክፍል ቆልፎ ሥጋ ብቻ እስከ መመገብ ደርሷል። አንድን የምግብ ሥርዓት ለማስከበር ቁልፍ ካስፈለገ፣ ስለ ሥርዓቱ አንድ ነገር መናገሩ አይቀርም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመናዊው ካርል ፎን ኖርደን አንዳንድ ሕሙማን ለጥቂት ቀናት አጃ በብዛት ሲመገቡ እንደሚሻላቸው በመግለጽ ባልደረቦቹን ግራ አጋባ። ካርቦሃይድሬት መርዝ ነው ለሚለው ወገን ይህ የማይዋጥ ነበር። ምናልባት ዋናው ቁም ነገር አጃው ሳይሆን የጠቅላላ ምግቡ ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ጥርጣሬ ወደ ኋላ እንደገና ይመለሳል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ዘመን በሕክምናው ታሪክ እጅግ አሳዛኙ ነው። አሜሪካዊው ፍሬድሪክ አለን ከ1914 ጀምሮ በኒውዮርክ በሮክፌለር ኢንስቲትዩት ሆስፒታል፣ ሕሙማኑን ሽንታቸው ከስኳር እስኪጠራ ድረስ ያስጾም፣ ከዚያም ምግብን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምርላቸው ነበር። የቦስተኑ ኤሊዮት ጆስሊን ይህንኑ መንገድ ተከተለ። በዕድሜ ገፋ ላሉና ለወፈሩ ሰዎች ሕክምናው በእርግጥ ጠቀመ። ለሕፃናትና ለቀጫጭኖች ግን ሞትን በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ከማዘግየት በቀር ፋይዳ አልነበረውም፤ ብዙዎች ከሕመሙ ይልቅ በረኃብ አለቁ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ልጅ ኤልሳቤጥ ሂዩዝ የአለን ሕሙም ነበረች። በነሐሴ 1922 ቶሮንቶ ስትደርስ ክብደቷ 20 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ኢንሱሊን ባይገኝ ኖሮ ከዚያ በላይ ባልቆየች ነበር፤ እርሷ ግን እስከ 1981 ኖራለች። አለንን ጨካኝ ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን እንዲህ አላነበውም። በእጁ የነበረው ያ ብቻ ነበር፤ በእርሱ ሕክምና የቆዩ አንዳንዶችም ኢንሱሊኑ ደርሶላቸዋል። ጥፋቱ የነበረው ሁለት የተለያዩ በሽታዎች በአንድ ስም እየተጠሩ በአንድ ሕግ መታከማቸው ላይ ነው። ፈረንሳዊው ላንስሮ በ1880 የቀጭንና የወፍራም ስኳር ሕመም ብሎ ቢለያቸውም፣ ልዩነቱ በኢንሱሊን ምላሽ የተመሠረተው ሃሮልድ ሂምስዎርዝ በ1936 ባሳተመው ሥራ ነው።

ኢንሱሊን በጥር 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምሰን ከተሰጠ በኋላ ሰው ሁሉ የምግብ ጉዳይ ያከተመ መሰለው። ለወፈረው ጎልማሳ ግን መርፌው ያን ያህል ቀላል መፍትሔ አልነበረም። ለእርሱ የሚሆነው ክኒን የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በ1942 በፈረንሳይዋ ሞንፔሊዬ ከተማ ማርሴል ዣንቦን ለታይፎይድ ሕሙማን አዲስ የሰልፎናማይድ መድኃኒት ሲሰጥ አንዳንዶቹ የደም ስኳራቸው ወርዶ ተንቀጠቀጡ፣ የሞቱም ነበሩ። ኦጉስት ሉባቲዬር መድኃኒቱ የሚሠራው ቆሽትን በመቀስቀስ መሆኑን በውሾች ላይ ባደረገው ምርምር አሳየ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ካርቡታማይድና ቶልቡታማይድ ገበያ ላይ ዋሉ፤ ዛሬ በጤና ጣቢያዎቻችን የሚታወቀው ግሊቤንክላሚድም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። ሜትፎርሚን በ1922 በደብሊን በቤተ ሙከራ ቢሠራም ለሕሙማን የሰጠው ዣን ስተርን ሥራውን ያሳተመው በ1957 ነው። ወንድሙ ፌንፎርሚን ላክቲክ አሲዶሲስ በማምጣቱ በአሜሪካ በ1977 ከገበያ ሲወጣ ሜትፎርሚንም አብሮ ተጠረጠረና፣ በዚያች አገር እስከ 1994 መጨረሻ ፈቃድ አላገኘም።

ክኒን በመምጣቱ አዲስ ጥያቄ ተወለደ፤ የደም ስኳርን ማውረድ ዕድሜን ያረዝማልን? በ1961 በአሜሪካ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ ክሊኒኮች የጋራ ጥናት ውጤት በ1970 ሲገለጥ ብዙዎችን አስደነገጠ። ቶልቡታማይድ ከወሰዱት 204 ሰዎች 26ቱ በልብና በደም ሥር በሽታ ሲሞቱ፣ ምግባቸውን እየጠበቁ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 205 ሰዎች ግን የሞቱት 10 ነበሩ። የመድኃኒቱ ደጋፊ ሐኪሞች ተደራጅተው ፍርድ ቤት ድረስ ስለ ተከራከሩ፣ ማስጠንቀቂያው በመድኃኒቱ ማብራሪያ ላይ የሰፈረው በ1984 ነው። ይህ ሁሉ ለምግብ ሕክምና ታላቅ ድል ሊሆን በተገባው ነበር። ግን በዚያው ዘመን የምግቡ ምክር ራሱ ተገልብጦ ነበር። ስኳር ሕሙማን በብዛት የሚሞቱት በልብ ደም ሥር በሽታ መሆኑ ስለ ታወቀ ፍርሃቱ ወደ ቅባት ዞረ። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር በ1971 ካርቦሃይድሬትን ለይቶ መገደብ አያስፈልግም አለ፤ በ1979ም ከጠቅላላው ኃይል ከ50 እስከ 60 በመቶው ከካርቦሃይድሬት እንዲሆን መከረ። ሮበርት አትኪንስ በ1972 ያሳተመው መጽሐፍ በሕዝብ ዘንድ እጅግ ቢነበብም፣ የሐኪሞች ማኅበራት አጥብቀው ነቀፉት። ሁለቱም ወገኖች በቂ ማስረጃ ሳይኖራቸው እጅግ እርግጠኞች ነበሩ።

በ1998 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት የክርክሩ ወሳኝ ነጥብ ተደርጎ ይታያል። በኦክስፎርዱ ሮበርት ተርነር የተመራው ይህ ጥናት ሕመሙ ገና የታወቀላቸው 5102 ሰዎችን መዝግቦ ለሃያ ዓመታት ቆየ። በመድኃኒት ጥብቅ ቁጥጥር የተደረገላቸው በዓይን፣ በኩላሊትና በመሳሰሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በ25 በመቶ ቀነሰ። ከወፈሩት መካከል ሜትፎርሚን የወሰዱት በማንኛውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው በ36 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በምግብ ብቻ ከተያዙት ውስጥ ግን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሂሞግሎቢን ኤ-ዋን-ሲያቸው ከ7 በመቶ በታች የነበረው 9 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ናቸው። ከዚህ የተወሰደው ትምህርት «ምግብ አይበቃም» የሚል ነበር። በእኔ ግምት ይህ ድምዳሜ ከማስረጃው አልፎ ሄዷል። በጥናቱ የተመከረው ምግብ ቅባቱ ዝቅ ያለ፣ ግማሹ ያህል ከካርቦሃይድሬት የሆነ ነበርና፤ ጥናቱ የሮሎንም የቡሻርዳንም ምግብ አልፈተነም። የወደቀው አንድ ዓይነት ምክር እንጂ የምግብ ሕክምና በጠቅላላው አይደለም።

መድኃኒት በበዛ መጠን ይሻላል የሚለው እምነት ደግሞ በየካቲት 2008 ተሰበረ። 10251 ሰዎችን ያቀፈው አኮርድ የተባለው ጥናት የደም ስኳርን ወደ ጤናማው መጠን ለማውረድ ብዙ መድኃኒት በተሰጣቸው ዘንድ 257፣ በሌላው ወገን 203 ሰዎች በመሞታቸው ያ ክፍሉ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ።

ካርቦሃይድሬትን የመቀነስ ሐሳብ እንደገና በተቋማት ዘንድ የተደመጠው ከዚህ ወዲህ ነው። የአሜሪካው ማኅበር በ2019 ባወጣው ሰነድ የደም ስኳርን በማሻሻል ረገድ ከምግብ ሥርዓቶች ሁሉ የበለጠ ማስረጃ ያለው ካርቦሃይድሬትን መቀነስ መሆኑን ገለጠ። በ2021 የታተመና 23 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ በስድስት ወር ኤ-ዋን-ሲን ከ6.5 በመቶ በታች ያደረሱት በዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት 57 በመቶ፣ በሌላው ምግብ 31 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። በአሥራ ሁለተኛው ወር ግን ብልጫው እየሳሳ ሄዷል። የሮሎ ምሬት ይህ ነው። በሌላ በኩል በእንግሊዝና በስኮትላንድ 306 ሰዎች የተሳተፉበት ዳይሬክት የተባለው ጥናት፣ መድኃኒትን በመጀመሪያው ቀን አስቁሞ በቀን 850 ኪሎ ካሎሪ ያህል ብቻ በመስጠት ከአንድ ዓመት በኋላ 46 በመቶዎቹን ያለ መድኃኒት ከስኳር ሕመም ወሰን በታች አደረሰ፤ በሁለተኛው ዓመት 36 በመቶ። የተሰጣቸው የተዘጋጀ ምግብ ግን ከግማሽ በላይ ኃይሉን ያገኘው ከካርቦሃይድሬት ነው! በ15 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ውስጥ 86 በመቶዎቹ ተሳክቶላቸዋል። የተከበበችው ፓሪስም ሆነ የፎን ኖርደን አጃ በዚህ ብርሃን ሲታዩ፣ ወሳኙ የክብደት መቀነስ እንደ ነበረ ያመለክታሉ፤ ካርቦሃይድሬትን መቀነስ ወደዚያ ከሚወስዱት መንገዶች አንዱ ነው።

ክርክሩ እዚህ እንዳይቆም ያደረገው የአዳዲሶቹ መድኃኒቶች መምጣት ነው። በ2015 ኤምፓግሊፍሎዚን በልብና በደም ሥር ሕመም የሚከሰተውን ሞት በ38 በመቶ መቀነሱ ተገለጠ፤ ጥቅሙም ከደም ስኳር መውረድ ጋር ብቻ የተያያዘ አልነበረም። እንግዲህ ልቡ ወይም ኩላሊቱ የታመመ ሰው ስኳሩ በምግብ ስለ ተስተካከለ ብቻ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ያቁም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ይኸው የመድኃኒት ዓይነት ካርቦሃይድሬትን እጅግ ከቀነሰ ምግብ ጋር ሲገናኝ፣ የደም ስኳር ብዙም ሳይጨምር ኬቶአሲዶሲስ ሊያመጣ ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለዚህ ኬቶአሲዶሲስ ያስጠነቀቀው በግንቦት 2015 ነው። በመሣሪያ የሚለካው ስኳር ስላልጨመረ ብቻ የሚያስመልሰውንና የሚያቃትተውን ሕሙም ወደ ቤት መመለስ ሕይወት ያስከፍላል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ አደጋው ይበልጥ የተለመደ መልክ አለው። ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከጎረቤት ሰምቶ እንጀራውን በድንገት ሲተው፣ ወይም በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆይ፣ መድኃኒቱ ቀድሞ ለነበረው ምግብ የተለካ ስለሆነ የደም ስኳሩ ከመጠን በላይ ይወርዳል። ሞንፔሊዬ ላይ በ1942 የታየው ያው ነገር ነው። የሰልፎኒል ዩሪያውና የኢንሱሊኑ መጠን መቀነስ ያለበት የምግቡ ለውጥ በሚጀመርበት ቀን እንጂ ሕሙሙ ራሱን ስቶ ከመጣ በኋላ አይደለም፤ ሜትፎርሚን ብቻውን ሲሆን ግን ይህ ስጋት የለም ማለት ይቻላል። ከዓመቱ ከግማሽ ያላነሰውን ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከዕንቁላል የሚከለከል ምእመንም በሮሎ ገበታ ሊመራ አይችልም፤ ለእርሱ የሚሠራው የእንጀራውን መጠን ቀንሶ ጎመንና ምስርን ማብዛት፣ ለስላሳና ስኳር የበዛበትን ሻይ መተው ነው።

ሌላው ጉዳይ ቀጭኑ ሕሙም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም የሚል መደብ አውጥቶ በ1999 ሰረዘው፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ግን በሚያዝያ 2025 «አምስተኛው ዓይነት» የሚል ስም ሰጥቶ መልሶታል። ወፍረው ለታመሙ ሰዎች የተጻፈው ምክር ለእንዲህ ያለው ሰው አልተጻፈም። ስለዚህ ምግብ እንዲቀነስ ከመታዘዙ በፊት ሕሙሙ ሚዛን ላይ ይውጣ፤ ቀድሞ ምን ያህል ይመዝን እንደ ነበረም ይጠየቅ።