ከአቃቂ ሬዲዮ እስከ ኔፕልስ ኤግዚቢሽን

አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ አቃቂ ላይ የተከለው የሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ። የጣሊያን ወረራ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ መስከረም 1928፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ጣቢያ ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር አደረጉ። ኢትዮጵያ የራሷን ጉዳይ በራሷ አንደበት ለዓለም አሰማች።

ብዙም ሳይቆይ ስለ እሷ የሚናገረው ሌላ ሆነ። ግንቦት 1 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ ሙሶሊኒ ኢምፓየሩን ባወጀ በአራተኛ ዓመቱ፣ ኔፕልስ ውስጥ ፉዎሪግሮታ በተባለው ሰፈር ታላቁ የባሕር ማዶ ግዛቶች ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ለሊቢያም ለምሥራቅ አፍሪካም ፓቪሊዮን ቆመ። የምሥራቅ አፍሪካው "የወርቅ ኩብ" ይባል ነበር፤ ግድግዳው በወርቃማ ሞዛይክ ተለብጦ ነበር። ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን የጎንደሩ የፋሲለደስ መዋኛ ነው። ጣሊያኖች አምሳያውን ከነግንቡና ከነውኃው እዚያው አቆሙት። ጎንደር ላይ ምእመኑ በጥምቀት የሚጠመቅበት ስፍራ ኔፕልስ ላይ የድል ማስጌጫ ሆነ። ያ ሁሉ ሲደገስ ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ፣ በላይ ዘለቀ በጎጃም ጫካ ውስጥ እየተዋጉ ነበር። "የተረጋጋ ግዛት" እየተባለ የሚጎበኘው አገር አልተገዛም ነበር።

ለእይታ ከቀረበው ውስጥ ሰዎችም ነበሩበት። ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ የተወሰዱ ወደ 60 የሚጠጉ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በተሠሩላቸው ጎጆዎች ኑሯቸውን ለጎብኚ እንዲያሳዩ ተደረገ። ሰኔ 3 ጣሊያን ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ስትቀላቀል ኤግዚቢሽኑ በአንድ ወሩ ተዘጋ፤ እነሱ ግን መመለሻ አጡ። በዘር ሕግ ታጥረው ኔፕልስ ቆዩ። ኋላም ማርኬ ክፍለ ሀገር፣ ትሬያ ከተማ አጠገብ ወዳለ አንድ ቪላ ተዛወሩ።

ከመካከላቸው ጥቂቶቹ በ1936 መጀመሪያ ከቪላው አምልጠው በሳን ቪቺኖ ተራራ ፋሺስቶችንና ናዚዎችን ከሚወጉት የጣሊያን አርበኞች ጋር ተሰለፉ። የጣሊያን መዛግብት አባቡልጉ አባመጋል የሚሉት ኢትዮጵያዊ ኅዳር 1936 እዚያው በውጊያ ወደቀ። የአገሩ ሰው በሸዋና በጎጃም የተዋጋውን ጠላት እሱ በራሱ በጠላት ምድር ተዋጋው። ይህን ሰው ከአርበኞቻችን ተርታ የማናሰልፍበት ምክንያት አይታየኝም።

የኤግዚቢሽኑ ግቢ በጦርነቱ በቦምብ ተደበደበ፤ በ1944 ዓ.ም. ታድሶ ተከፈተ። የፋሲለደስ መዋኛ አምሳያም ዛሬ ድረስ እዚያው አለ። የሰዎቹን ታሪክ ማቴዮ ፔትራቺ የተባለ ጣሊያናዊ ታሪክ ጸሐፊ መዛግብት አገላብጦ በመጽሐፍ አውጥቶታል። ከየትኛው መንደር እንደተወሰዱና ቤተሰባቸው ምን እንደሚያስታውስ መጠየቅ ግን የእኛ ሥራ ነው።