ከአሞሌ ጨው እስከ ጎማ ነፋስ፦ ልኩን የሚወስነው ማን ነው?

ሰቆጣ ጎማ ሳይደርስባት በፊትም የጭነት ከተማ ነበረች። ከአርሆ የሚመጣው አሞሌ ጨው ወደ መሀል አገር ሲጓዝ ዋግን ያቋርጥ ነበር፤ የሰቆጣ ገበያም በዚሁ ጨው ይታወቃል። በዚያ ንግድ ጨው ከመግዛት ይልቅ ጭነት መመጠን ይከብዳል። ሜዳ ላይ የቻለውን ሁሉ ዳገት ላይ የተጫነ አህያ ይወድቃል። ልኩ አሞሌው ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ እንስሳውንና መንገዱን ያየ ሰው ነው የሚቆርጠው።

ዛሬ በዚያው ተራራ ላይ ባለ ሦስት እግር ሞተር ሸክሙን ሲረከብ ጥያቄው ያው ነው፦ ጎማው ስንት ነፋስ ይያዝ?

በነፋስ የሚሞላ ጎማ ለገበያ የበቃው በመኪና ሳይሆን በሦስት እግር ምክንያት ነው። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሰን ሐሳቡን ቀድሞ ቢያስመዘግብም ተረስቶ ቀረ። በቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ደንሎፕ ግን የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እንዳያንገጫግጨው ብሎ የሠራውን ጎማ እ.ኤ.አ. በ1888 አስመዘገበ። የሚሽሊን ወንድማማቾች በነፋስ ጎማ መኪና የተወዳደሩት ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1895 ነው።

ወደ እኛ የመጣበትን በር ቋንቋችን ይመሰክራል። ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ፦ ሁሉም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ባጃጅ ራሱ የዘር ሐረጉ ወደዚያው ይመዘዛል። ፒያጆ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1948 “አፔ” የተባለውን ባለ ሦስት እግር ሠራ፤ የሕንዱ ባጃጅ ደግሞ ከእሱ ፈቃድ ወስዶ ማምረት ጀመረ። ዕቃው ከነስሙ መጣ፤ የአጠቃቀም ልኩ ግን አብሮ አልመጣም።

ችግሩ የሚብሰው የመኪና ጎማ ሲገጠም ነው። የሰው ማመላለሻው ባጃጅ ቸርኬ 8 ኢንች በመሆኑ የመኪና ጎማ አይገባበትም። 12 ኢንች ቸርኬ ላለው የጭነት ባለ ሦስት እግር ግን የአንዳንድ ትናንሽ መኪኖች ጎማ በመጠን ይቀርበዋል። ባለቤቱ “የመኪና ስለሆነ ይጠነክራል” ብሎ ይገጥምና በመኪናው ልክ ያስነፋዋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ለትንሽ የቤት መኪና የተሠራ አንድ ጎማ ብቻውን ከ300 ኪሎ በላይ እንዲሸከም የታሰበ ነው። ባዶውን የሚሄድ ባለ ሦስት እግር በሦስቱም እግሩ ተደምሮ ከዚያ ብዙ ላይርቅ ይችላል። ጎማው ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ደግሞ ከዚህ አትለፍ የሚል ጣሪያ እንጂ ይህን ሙላ የሚል ትእዛዝ አይደለም። ቀላል ተሽከርካሪ እስከዚያ ከተነፋ መንገዱን የሚነካው የጎማው መሀል ብቻ ይሆናል፤ ኮረኮንች ላይ ይዘላል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። በተቃራኒው እህል ጭኖ ነፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል፣ መጨረሻው መፈንዳት ነው። በዋግ ገደላማ መንገድ ሁለቱም የሰው ሕይወት ያስከፍላሉ።

ልኩን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ይለካ። የኋላዎቹ አብዛኛውን ጭነት ስለሚሸከሙ ከፊተኛው ይብለጡ፤ ሁለቱ ግን እርስ በርስ እኩል ይሁኑ። ከዚያ የዘወትሩን ጭነት ጭኖ፣ ጥርሱ ላይ ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ አስምሮ ጥቂት ሜትር መንዳት ነው። መሀሉ ብቻ ከጠፋ ነፋሱ በዝቷል፤ ዳር ዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል፤ እኩል ከጠፋ ልኩ ያ ነው።

ከፍታውስ? ከ1,500 ሜትር በታች ካለችው ቆቦ ከ2,200 ሜትር በላይ ወዳለችው ሰቆጣ ሲወጣ፣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ወደ 1 ፒኤስአይ ጨምሮ ያነባል። የደጋው ብርድ ግን መልሶ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሾፌሩን ከከፍታው ይልቅ ጭነቱ ያሳስበው።

ጎሚስታው “ስንት ልሙላ?” ከማለቱ በፊት “ምን ልትጭን ነው? በየት በኩል ልትወጣ ነው?” ብሎ ቢጠይቅ ብዙ አደጋ ይቀራል። የሰቆጣ ጨው ጫኝ ያለ መለኪያ ሲጠይቀው የኖረው ይህንኑ ነበር።