ጅግራ፦ የቤት ውስጥ እርባታና አመጋገብ

ጅግራ ግራጫ ላባዋ በነጭ ነጠብጣብ ያሸበረቀ፣ የአፍሪካ ተወላጅ ወፍ ናት። በኢትዮጵያ ይበልጥ የምትታወቀው በዱር ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ ግን ከዶሮ ጋር በግቢ ትረባለች።

እንቁላሏ ለመፈልፈል ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈጃል፤ የዶሮ 21 ነው። ጅግራ ጫጩቶቿን ጤዛ ባረጠበው ሣር እየመራች ለብርድ ስለምትዳርጋቸው፣ ልምድ ያላቸው አርቢዎች እንቁላሏን ለዶሮ ያሳቅፋሉ። ግሩም መላ ነው!

ያለ እናት የሚያድጉ ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ይሻሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ ይቀነሳል። መኖአቸው ከዶሮ ጫጩት መኖ የበለጠ፣ 24 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ምስጥና ተቀቅሎ የተከተፈ እንቁላልም ይጠቅማቸዋል።

ትልቁ ጥንቃቄ ውሃ ላይ ነው። ዕቃው ዝርግ ካልሆነና ጠጠር ካልተደረገበት፣ ጫጩቶቹ ሊሰጥሙ ይችላሉ።