ከግመል ወገብ እስከ ፖርቶ መጋላ

ቆቦ ሐይቅ የላትም። የሆርማት ወንዝ ክረምት ሲሞላ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል፤ በጋ ሲገባ የሚቀረው አሸዋ ነው። ታንኳ አይቻለሁ የሚል የቆቦ ሰው ወይ ወደ ደቡብ ሄዶ ሐይቅ እስጢፋኖስን የተሳለመ፣ ወይ የግራት ካሕሱን ዳገት ወጥቶ አሸንጌን ያየ ነው። ስለዚህ አንድ ፒካፕ ጀልባ ተሸክሞ ከወልድያ በኩል መጥቶ አስፋልቱ ዳር ሲቆም፣ ሻይ ቤት የነበርን ሁሉ ብርጭቋችንን ትተን ወጣን።

ሾፌሩ ወጣት ነው። ጀልባዋን ፖርቶ መጋላው ላይ ደፍቶ ወገቧን በሁለት ወፍራም ገመድ ጠፍሯታል። ከጎብዬ ጀምሮ አፍንጫዋ ወደ ግራ እየዞረ አላስነዳ ብሎታል። አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ዙሪያዋን አየና፣ «ልጄ፣ ወገቧን አስረህ ጫፏን ለነፋስ ሰጥተኸዋል» አለው።

«አባባ፣ ገመዱ እኮ አዲስ ነው።»

«ገመዱን መች አማሁት?»

አባቴ መኪና ነድቶ አያውቅም። ግመል ጫኝ ነበር። ከቆቦ ማሽላ ጭኖ ዞብልን ተሻግሮ ወደ አፋር ይወርዳል፤ ጨው ይዞ ይመለሳል። በአያቴ ዘመን ያ ጨው አሞሌ ሆኖ እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። ግመል ተንበርክኮ ነው የሚጫነው። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ሁለቱን ወገን እኩል ያነሣል፤ አንዱ ከቀደመ ኮርቻው ይዞራል። ከዚያ መጫኛው ይጠብቃል። መጫኛ የቆዳ ጠፍር ነው፤ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ስለዚህ ጥሩ ጫኝ ከመንደር ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ ግመሉን ያቆምና ጭነቱን በእጁ ይነካል። ያን ጊዜ ያልነካው ቋጠሮ ገደል አፋፍ ላይ ይፈታበታል።

እህልና ጨው ቀላሉ ነው። ከባዱ ረጅም ነገር ነው፤ የቤት እንጨት፣ የማሽላ አገዳ፣ ከሁሉም በላይ የአፋሮች ቤት። አፋሮች ግጦሽ ፍለጋ ሲነሡ ቤታቸውን አፍርሰው ይዘው ይነሣሉ። ዳቦይታ የሚባለው ይህ ቤት እንደ ቀስት በጎበጡ እንጨቶችና ከዘንባባ በተሠራ ሰሌን የሚቆም ነው፤ ሠሪዋ ሴቷ ናት። ግመል ላይ ሲወጣ የጎበጡት እንጨቶች ከኮርቻው ግራና ቀኝ ወደ ሰማይ ይቀስራሉ፤ ከሩቅ ላየው ግመሉ ጀልባ የተሸከመ ይመስላል። አባቴ የረጅም ጭነትን ሕግ የተማረው ከአፋር ሴቶች ነው፤ ይህንንም ለማንም ሳይደብቅ ይናገር ነበር። ወገብ የሚታሰረው ጭነቱ እንዳይወድቅ ነው፤ ጫፍ የሚታሰረው እንዳይዞር ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

አገራችን ረጅሙንም ከባዱንም በእንስሳ ጀርባ ስታሻግር ነው የኖረችው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ከባድ መድፋቸውን በመርከብ እስከ ቀይ ባሕር አድርሰው፣ ከዚያ በኋላ ግን ከሕንድ ባመጧቸው 44 ዝሆኖች ላይ ነበር የጫኑት፤ በአሸንጌ በኩልም አልፈዋል። መኪና እኛ ሜዳ ላይ የበረከተው ከማይጨው ጦርነት ወዲህ ነው። ጣሊያን ከአስመራ በመቀሌና በኮረም አድርጎ ደሴ የሚደርሰውን መንገድ ሲሠራ፣ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው ፊያት ከነቃሉ መጣ። ፍሬን፣ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ኮፈን፣ ፓራውልት፣ ስፖንዳ፣ ፖርቶ መጋላ፤ ሁሉም የጣሊያን ነው። የማሰሩን ቃል ግን ጣሊያን አላመጣልንም። ጫኝ፣ መጫኛ፣ ጠፍር፣ ቋጠሮ እንደ ግመሉ ዘመን ቀረ። ለእኔ የዚህ ሙያ ታሪክ እዚህ ላይ ነው ያለው፦ መኪናው ከውጭ መጣ፣ እጁ ግን የአገር ነበር።

እጁ ከግመል ወደ መኪና የተሻገረው በደስታ አይደለም። የአባቴ ግመሎች በ1977 ዓ.ም. ድርቅ አለቁ። ማሽላችን ተጭኖ የሚወጣበት የመኪና መንገድ በዚያ ዓመት የእርዳታ ስንዴ ይዞ መጣ፤ የኮረም መጠለያ በሰው ተጥለቀለቀ፤ ስንቱ የወሎ ሰው ለሰፈራ በመኪናና በአውሮፕላን ተጫነ። ግመል ያጣ ጫኝ ጆንያ አውራጅ ሆነ። አባቴም ከነቋጠሮው ስፖንዳ ላይ ወጣ፤ በኋላ እኔን በዚያው ረዳት አስገባኝ። መጀመሪያ ኤንትሬ ፊያት፣ ከዚያ አይሱዙ።

የአባቴን ሕግ ግን ሰምቼው አልሰማሁትም ነበር። በ1990ዎቹ የቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ሲለማ፣ ለመስኖው የሚሆን 6 ሜትር ቱቦ በፒካፕ አመላልስ ነበር። ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ኋላው 1.5 ሜትር ገደማ ናት፤ ቱቦው ጋቢናውን አልፎ ኮፈኑ ላይ ይንጠለጠላል። አንድ ቀን ቸኩዬ ወገቡን ብቻ አሰርኩ። ሮቢት መግቢያ ላይ ፍየል ገባብኝና ፍሬን ያዝኩ። መኪናው ቆመ፤ ቱቦው አልቆመም። ጀሪካን ያዘለች ልጅ ፊት አንድ ክንድ ሲቀረው ነው የተገታው። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ዛሬም ያችን ልጅ አስባታለሁ። ማታ ለአባቴ ስነግረው አልተቆጣም። «ግመል ሲቆም ጭነቱም አብሮት ይቆማል፤ መኪና እንዲያ አይደለም፤ ለመኪና እጥፍ እሰር» አለኝ።

ጀልባዋንም እንዲሁ አደረጋት። ማዳበሪያ አጥፎ ከሥሯ አነጠፈ። ከአፍንጫዋ ሁለት ገመድ አውጥቶ እንደ ወንጭፍ ግራና ቀኝ ከፈላቸውና ከፓራውልቱ ሥር ካለው መንጠቆ ጋር አሰራቸው፤ ፓራውልቱን ራሱን አላመነውም። ጅራቷንም እንዲሁ። ገመዱ ጠርዝ በሚነካበት ቦታ ከከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ አስገባ። ከኋላ ቀይ ጨርቅ አንጠለጠለ። ከዚያ ጀልባዋን በሁለት እጁ ይዞ ሲወዘውዛት መኪናው ራሱ አብሯት ተወዛወዘ።

«ይኸውልህ፣ አሁን አንድ ሆኑ። ዋጃ ስትደርስ ውረድና በእጅህ ንካው። ግራት ካሕሱን ሳትጀምርም እንደገና ንካው።»

ሾፌሩ ገንዘብ ሊሰጠው ኪሱ ገባ፤ አባቴ እጁን ያዘው። ፒካፑ በማሽላው መሐል ወደ ሰሜን ሲሄድ ቀዩ ጨርቅ እስኪጠፋ ቆሞ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ውሃ ላይ ስትሆንስ፣ ያቺን ጀልባ ማን ነው የሚያስራት?» ብሎ ጠየቀኝ።