ጋንዲ ኒውክሌር ሲተኩስ

«ሲቪላይዜሽን» የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ የሞከረ ሁሉ የጋንዲን ጉድ ሳይሰማ አይቀርም። ያ በገዛ እጁ ጥጥ ሲፈትል የኖረ፣ እንግሊዞችን ያለ አንዲት ጥይት ያስጨነቀ ማኅተመ ጋንዲ፣ ጨዋታው ውስጥ ዘመን እየገፋ ሲሄድ ድንገት ብድግ ይልና ጎረቤቱ ላይ ኒውክሌር ያዘንባል አሉ። ምክንያቱ ተብሎ የሚወራው ደግሞ ከድርጊቱ የባሰ ያስቃል። የጋንዲ የጠበኝነት ነጥብ 1 ነበረች፤ አገሩ ዴሞክራሲ ሲይዝ 2 ተቀነሰበት፤ ኮምፒውተሩ ከዜሮ በታች መቁጠር ስላልቻለ ዞሮ 255 ላይ ሰቀለው። በአጭሩ ዴሞክራሲ ሰውየውን አሳበደው!

ወሬዋ ግን ውሸት ናት። የጨዋታው አባት ሲድ ሜየር በ2020 ባሳተመው ማስታወሻ፣ በ1991 በወጣው የመጀመሪያው ጨዋታ ውስጥ እንዲህ ያለ ስህተት እንዳልነበረ ተናግሯል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እውነቱ፣ በ2010 የወጣው አምስተኛው «ሲቪላይዜሽን» ሲሠራ፣ ከ10 በሚለካ የኒውክሌር ፍላጎት ላይ ለጋንዲ ለቀልድ 12 ተሰጠው። የ255ቷ ተረት በሰፊው የተናኘችው ከዚያ ወዲህ ነው።

እኛን የያዘን ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ተጫዋቾች ከሠላሳ ዓመት በላይ «ኒውክሌርን እንዴት ብንጠቀምበት ያዋጣል?» እያሉ ሲመራመሩ ኖረዋል፤ መልስም አግኝተዋል። ያንኑ ጥያቄ በእውነተኛው ዓለም ጄኔራሎችና ፕሬዚዳንቶች ጠይቀውታል። የነሱ መልስ ከተጫዋቾቹ ጋር ይገጥም ይሆን? እስቲ ሕጎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ሕግ አንድ፦ በሩን ለመክፈት አትቸኩል

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች (በ1991ዱና በ1996ቱ) ቦምብ መሥራት የሚቻለው «ማንሃተን ፕሮጀክት» የተባለው ድንቅ ሥራ ሲጠናቀቅ ነው። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ከጨረሰው የሮኬት ዕውቀት ላለው ሁሉ በሩ ይከፈታል። ስለዚህ ብልጥ ተጫዋች መጀመሪያ ከተሞቹን በፀረ ሚሳይል መከላከያ ያጥራል፣ ከዚያ በኋላ በሩን ይከፍታል።

አሜሪካ እንዲህ ያለ ጊዜ አልነበራትም። የመጀመሪያውን ቦምብ ጁላይ 16 ቀን 1945 ሞከረች፤ ኦገስት 6 ሂሮሺማ ላይ፣ ኦገስት 9 ናጋሳኪ ላይ ጣለች። ኦገስት 29 ቀን 1949 ሶቪየት ኅብረት የራሷን አፈነዳች። አሜሪካ ብቻዋን የታጠቀችበት ዘመን ያቺው አራት ዓመት ናት። በነዚያ አራት ዓመታትስ ምን አተረፈችበት? በ1948 ስታሊን ወደ ምዕራብ በርሊን የሚያስገባውን መንገድ ሲዘጋ ትሩማን ቢ-29 ቦምብ ጣዮችን ወደ እንግሊዝ ላከ። አውሮፕላኖቹ ግን አቶሚክ ቦምብ እንዲሸከሙ የተዘጋጁ አልነበሩም፤ ለማስፈራሪያ ነበር። ከተማዋን ያዳናት ዱቄትና የድንጋይ ከሰል እየጫኑ የተመላለሱት የጭነት አውሮፕላኖች ናቸው።

ሕግ ሁለት፦ ቦምብ መሬት አይዝም

በጨዋታው ቦምቡ የወደቀበት ከተማና በዙሪያው ባሉት ስምንት ካሬዎች ያለ ጦር በሙሉ ይጠፋል፤ የከተማዋ ሕዝብ በግማሽ ይቀንሳል። 12 የነበረው 6 ይሆናል፤ አለቀ። ከተማው ግን ገና ያንተ አይደለም። ስለዚህ ከቦምቡ ኋላ ታንክ ወይም አየር ወለድ አዘጋጅተህ፣ ባላጋራህ ተራው ሳይደርሰው ባዶዋን ከተማ ትረከባለህ። ታንከኛው ጨረር አይነካውም፣ አያስለውም።

ያቺ «በግማሽ» የምትባል ነገር ሂሮሺማ ላይ ምን እንደምትመስል እናውቃለን። እስከ 1945 መጨረሻ ድረስ ወደ 140,000 ሰው፣ ናጋሳኪ ላይ ደግሞ ወደ 70,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል።

ከዚያ ኮሪያ መጣች። በ1950 መገባደጃ የቻይና ጦር አሜሪካኖችን እያሳደደ ወደ ደቡብ ሲያወርዳቸው፣ ትሩማን ኖቬምበር 30 ለጋዜጠኞች አቶሚክ ቦምብን መጠቀም እየታሰበበት እንደሆነ ተናገረ። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር አትሊ ደንግጦ በቀናት ውስጥ ዋሽንግተን ገባ። ቦምቡ አልተጣለም፤ እስከ 1953ቱ የተኩስ አቁምም አልተጣለም። በተራራ ተበትኖ፣ ሌሊት ሌሊት የሚጓዝ እግረኛ ጦር ለቦምብ የሚመች ዒላማ አይደለም፤ ወዳጅ አገሮችም ከጠላት በላይ ፈርተዋል። ጨዋታው ውስጥ አትሊ የሚባል ሰው በር አያንኳኳም።

ሕግ ሦስት፦ ሁሉንም በአንድ ተራ

ከሁሉም የሚበልጠው ሕግ ይኸኛው ነው። «ሲቪላይዜሽን» እንደ ገበጣ ተራ አለው፤ አንተ ጠጠርህን ስታዞር ባላጋራህ እጁን አጣጥፎ ይመለከታል። ስለዚህ ቦምብህን አንድ በአንድ አትተኩስም። አሥርም ሃያም ታጠራቅምና በአንድ ተራ ታወርደዋለህ፤ የሱ ተራ ሲደርስ የሚመልስበት እጅ አይኖረውም።

ይህን የሚመስል እቅድ በእውነትም ተጽፏል። አሜሪካ በ1960 መጨረሻ ያዘጋጀችው የመጀመሪያው የተቀናጀ የኒውክሌር ጦርነት እቅድ፣ ሙሉ በሙሉ ከተተገበረ፣ ከ3,000 በላይ ቦምቦችን በሶቪየት ኅብረት፣ በምሥራቅ አውሮፓና በቻይና ላይ የሚያዘንብ ነበር፤ ቻይና ጦርነቱ ውስጥ ብትኖርም ባትኖርም! በወቅቱ ይህን በግልጽ የተቃወሙት የባሕር እግረኛ ጦር አዛዡ ጄኔራል ዴቪድ ሹፕ ናቸው።

የጎደለው ነገር «ተራ» ነበር። ኦክቶበር 27 ቀን 1962፣ የኩባ ቀውስ በጋመበት ዕለት፣ የአሜሪካ መርከቦች ቢ-59 የተባለችውን የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ከበው እንድትወጣ የማስጠንቀቂያ ፈንጂ ይጥሉባት ነበር። መርከቧ ውስጥ የኒውክሌር ቶርፒዶ እንዳለ አያውቁም። ውስጥ ያሉት ደግሞ ከሞስኮ ጋር ግንኙነታቸው ተቋርጧል፤ ሙቀቱ አይቻልም፤ ላይ ጦርነት ተጀምሮ እንደሆነም አያውቁም። አዛዡ ቶርፒዶው እንዲዘጋጅ ማዘዙን፣ ቫሲሊ አርኪፖቭ የተባለው መኮንን ደግሞ አረጋግቶ እንዳስቆመው በኋላ ከተሳፋሪዎቹ ተሰምቷል። መርከቧ ወጣች፤ ዓለምም ተረፈች። ተራውን የሚጠብቅ ባላጋራ በጨዋታው እንጂ በባሕሩ ላይ አልነበረም።

ሕግ አራት፦ ጠራጊ አዘጋጅ

ከቦምቡ በኋላ መሬቱ ይበከላል። ተጫዋቹ መሐንዲሶቹን ይልካል፤ ከጥቂት ተራ በኋላ ስንዴው ይበቅላል።

ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ ቢኪኒ ደሴት ላይ ያፈነዳችው ቦምብ 6 ሜጋቶን ገደማ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ 15 ሆነ። አመዱ የወረደባቸው 23 የጃፓን ዓሣ አስጋሪዎች ታመሙ፤ አንዱ በዚያው ዓመት ሞተ። በ1946 ለሙከራው ሲባል ከቢኪኒ የተነሡት ነዋሪዎች በ1970ዎቹ አንዳንዶቹ ተመልሰው ነበር፤ ጨረሩ ሰውነታቸው ውስጥ ስለተገኘ በ1978 እንደገና ወጡ። ሕዝቡ እስከዛሬ አገሩ አልገባም። ይህ ስንት ተራ ይሆን?

እኛስ የት ነበርን?

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ጨዋታው እኛንም አልረሳንም። በ2007 አፄ ዘርዓ ያዕቆብን፣ በ2012 ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴን የኢትዮጵያ መሪ አድርጎ አስገብቷል። በ2012ቱ ጨዋታ ጃንሆይ ዩራኒየም ካገኙ አቶሚክ ቦምብ ሠርተው ጎረቤት ላይ መጣል ይችላሉ። የጋንዲ ቀልድ ለኛም ደረሰን ማለት ነው።

እውነተኛው ታሪክ ግን እንዲህ ነው። ኦክቶበር 30 ቀን 1961 ሶቪየት ኅብረት እስከዛሬ ከተሞከረው ሁሉ የሚበልጠውን የ50 ሜጋቶን ቦምብ አፈነዳች። ከ25 ቀናት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ቁጥር 1653ን አጸደቀ፤ የኒውክሌር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር መጣስ፣ በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይም ወንጀል መፈጸም ነው የሚል። በሥልጣኔ ላይ፣ ማለትም በ«ሲቪላይዜሽን» ላይ! ሐሳቡን በግንባር ቀደምነት ያቀረበችው ኢትዮጵያ ናት። 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተዐቅቦ አደረጉ። አሜሪካና እንግሊዝ ከተቃዋሚዎቹ ነበሩ።

ለምን ኢትዮጵያ? ውሳኔው ራሱ የ1925ቱን የጄኔቫ የመርዝ ጋዝ ክልከላ ያነሣል። ጣሊያን ያንን ስምምነት ፈርማ ሳለ በ1935 እና 36 በአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ አዝንባብናለች። ጃንሆይም ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ቆመው ያንኑ ለመንግሥታት ማኅበር ተናግረዋል። ጣሊያኖቹ ቢጠየቁ ጋዙ «ውጤታማ» ነበር ባሉ። ተጫዋች ዓለምን የሚያየው ከላይ ነው፤ ካሬውንና ቁጥሩን። የኛ ሰው ግን ቆሞ የነበረው ከአውሮፕላኑ ሥር ነው፤ በ1961 የተናገርነውም ከዚያው ቦታ ሆነን ነው።

ኒውክሌርን የሚከለክለው ስምምነት በ2017 ጸደቀ፣ በ2021 ሥራ ላይ ዋለ። ቦምቡ ካላቸው ዘጠኝ አገሮች አንዱም አልገባበትም። በዓለም ያለው የኒውክሌር አረር ዛሬም ወደ 12,000 ይጠጋል።

ጨዋታውን አትጫወቱ አንልም፤ እኛም እንጫወታለን። ግን 12 የነበረው 6 ሲሆን፣ ስድስቱ እነማን እንደነበሩ አንዳፍታ ብናስብ ምን ይለናል?

ቸር ይግጠመን።