በማን ሥልጣን? የባዕድ ሰው ሙግት በአውስትራሊያ ችሎት

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። በቅሎውን ተሟግቶ የተረታ ሰው እህህ ብሎ ይተወዋል፤ ማንም ሳይጠይቀው አንዲት ጭብጦ የተነጠቀ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ይቆጨዋል። ይህ ተረት ከቪዛና ከድንበር ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እንደ እኔ እንደ እኔ በደንብ ይገናኛል። አንድ መንግሥት ባዕዱን ሰው «አትገባም» ወይም «ውጣ» ሲለው፣ እስኪወጣም ድረስ ሲያስረው፣ ሰውየው የሚያጣው ከበቅሎም ይበልጣል። ታዲያ የሚያጣው በፍርድ ነው ወይስ ያለ ፍርድ? ይህን ጥያቄ እስቲ በአውስትራሊያ ታሪክ ውስጥ እንከተለው። ዘጠና ዓመት የፈጀ ሙግት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከኤጎን ኪሽ እንጀምር። ኪሽ የፕራግ ተወላጅ፣ አይሁዳዊ፣ ኮሚኒስትና ስመ ጥር ጋዜጠኛ ነበር። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ አስረውት ኋላ ከጀርመን አባረሩት። በ1934 ሜልበርን ላይ በተጠራው ፀረ ጦርነትና ፀረ ፋሺዝም ጉባኤ እንዲናገር ተጋብዞ «ስትራትኤርድ» በተባለች መርከብ መጣ። ኖቬምበር 6 ቀን ፍሪማንትል ወደብ ሲደርስ «አትወርድም» ተባለ። መርከቧ እስር ቤት ሆነችበት ማለት ነው። ኖቬምበር 13 ቀን ሜልበርን ላይ ሲደርሱ ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከመርከቧ ጠርዝ ወደ ወደቡ ዘለለ። ከፍታው አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ነበርና እግሩ ተሰበረ። ፖሊሶች ከነስብራቱ ተሸክመው ወደ መርከቧ መለሱት።

መርከቧ ሲድኒ ስትደርስ ግን ጉዳዩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ገብቶ ቆየ። ስሙ «ከፍተኛ» ይባል እንጂ ያ ችሎት በአውስትራሊያ የመጨረሻው ነው። የቀረበው አቤቱታ በእኛ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ «አካልን ነፃ ማውጣት» የሚባለው ዓይነት ነው። ይህን ሰው የያዝከው በምን ሥልጣን ነው? ያሳማኝ መልስ ከሌለህ ልቀቀው! ዳኛው ኢቫት ወረቀቱን መረመሩት። ሕጉ ሚኒስትሩ ሰውን ሊከለክል የሚችለው ከሌላ መንግሥት በይፋ በደረሰው መረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው ይላል፤ የሚኒስትሩ ወረቀት ግን ይህን አያሳይም። ስለዚህ ካፒቴኑ ኪሽን መያዙ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ኪሽ ተለቀቀ።

መንግሥት ግን አልተኛም። በ1901 የወጣ አንድ የኢሚግሬሽን ሕግ ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ሹም ገቢውን ሰው በአንድ የአውሮፓ ቋንቋ ሃምሳ ቃላት የቃል ጽሕፈት ሊፈትነው ይችላል፤ ከወደቀ ገቢው «የተከለከለ ሰው» ይሆናል። ቋንቋውን የሚመርጠው ሹሙ ነው! ፈተናው የተፈጠረው ነጭ ያልሆነውን ሕዝብ በዘሩ ሳይጠሩ ለማገድ ነበርና ከ1909 ወዲያ ያለፈው ሰው የለም። ኪሽ ብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች እንደሚችል ስለታወቀ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ቢፈትኑት ዋጋ እንደሌለው ገባቸው። ስለዚህ በስኮትላንድ ጌይሊክ ፈተኑት። ወደቀ። ስድስት ወር እስራትም ተፈረደበት።

እንደገና ይግባኝ ተባለ። ዲሴምበር 19 ቀን 1934 አምስት ዳኞች ተሰይመው አራቱ ለኪሽ ፈረዱ። የስኮትላንድ ጌይሊክ ሕጉ «የአውሮፓ ቋንቋ» ሲል ካሰባቸው ቋንቋዎች ውስጥ አይገባም አሉ። ኪሽ እግሩ በጄሶ ታስሮ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለብዙ ሺህ ሕዝብ ስለ ሂትለር ጀርመን ተናገረና በማርች 1935 አገሩን ለቆ ሄደ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ችሎቱ «ኪሽ ደግ ሰው ነው» አላለም። «ኮሚኒስት ይግባ» አላለም። ፈተናውንም ግፍ ነው ብሎ አልሻረውም፤ ፈተናው እስከ 1958 ድረስ በሕግነቱ ኖረ። ዳኞቹ የጠየቁት ባለ ሥልጣኑን ነው፤ ይህን ያደረግከው በማን ሥልጣን ነው? ሕጉ ከሰጠህ ክልል አልፈሃል ወይስ አላለፍክም? ጠባብ ጥያቄ ናት። ግን ሰውየውን ከመርከብም ከወህኒም ያወጣችው እሷ ነች።

ጠባብ ጥያቄ ደግሞ መንግሥት በሌላ በር ሊያመልጣት ይሞክራል። በ1989 መጨረሻና ከዚያ በኋላ በጀልባ የገቡ ስደተኞች፣ አብዛኞቹ ካምቦዲያውያን፣ ለዓመታት ታስረው ቆይተው «ፍቱን» ብለው ከሰሱ። ጉዳያቸው በሜይ 1992 ሊሰማ ሁለት ቀን ሲቀረው ፓርላማው አዲስ ሕግ አወጣ። አንደኛው አንቀጽ፣ እነዚህን ሰዎች ማንም ፍርድ ቤት ይፈቱ ብሎ ማዘዝ አይችልም ይላል። በሌላ አነጋገር፣ ዳኛው ጥያቄውን እንዳይጠይቅ አፉን መያዝ ማለት ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በዲሴምበር ያንን አንቀጽ ሻረው። ሆኖም እስራቱን ራሱን አልሻረም። ሰውን ለቅጣት ማሰር የዳኛ ሥራ ነው፤ አስተዳደሩ ባዕዱን ሊይዝ የሚችለው ለማስወጣት ወይም ማመልከቻውን ለመመርመር አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው አለ።

ታዲያ ሰውየውን ማስወጣት የማይቻል ከሆነስ? ይህ ጥያቄ በ2004 መጣ። ከሳሹ ኩዌት የተወለደ አገር አልባ ፍልስጤማዊ ነው። በ2000 በጀልባ ገባ፤ ጥገኝነት ሲከለከል «እንግዲያውስ ሸኙኝ» ብሎ ራሱ ጠየቀ። የሚቀበለው አገር ግን ጠፋ። ከሰባቱ ዳኞች አራቱ፣ ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ይታሰር ስለሚል ዕድሜ ልኩንም ቢሆን ሊታሰር ይችላል ብለው ፈረዱ። ከአራቱ አንዱ የሆኑት ዳኛ ማክሂው የሰውየው ሁኔታ አሳዛኝ መሆኑን እየመሰከሩ ነው የፈረዱበት። ዳኛ ያዝናል፤ ፍርዱ ግን አልተለወጠም። ይህ ፍርድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጸና።

በመካከሉ በ2022 ዓለም ሁሉ ያየው የቴኒስ ተጫዋቹ የኖቫክ ጆኮቪች ጉዳይ ነበር። በኮቪድ ክትባት ሳቢያ ጃንዋሪ 6 ቀን ቪዛው ተሰረዘ። ሹማምንቱ መልስ እንዲሰጥ የቀጠሩለትን ሰዓት ራሳቸው ስላፈረሱት፣ ዳኛው በአራተኛው ቀን ቪዛውን መለሱለት። ሚኒስትሩ ግን ጃንዋሪ 14 ቀን በግል ሥልጣናቸው እንደገና ሰረዙት። በሁለተኛው ቀን ሦስት ዳኞች ተሰይመው፣ የእኛ ሥራ ውሳኔው ሕጋዊ ነወይ ማለት እንጂ ጥሩ ነወይ ማለት አይደለም ብለው ክሱን ጣሉት። ያቺው ጠባብ ጥያቄ ናት፤ አሁን ደግሞ ለመንግሥት ፈረደች። ተጫዋቹ ያደረበት የሜልበርን ሆቴል ግን ለዓመታት የተዘጋባቸው ጥገኝነት ጠያቂዎች የሚኖሩበት ቤት ነበር። እሱ በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ችሎት አገኘ። ችሎት መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ችሎት ፊት መድረስ ግን ሌላ።

የመጨረሻው ምዕራፍ በጣም ከባዱ ነው። በ2023 የቀረበው ከሳሽ አገር አልባ የሮሂንጊያ ተወላጅ ነው። በመዝገቡ ላይ ስሙ በአራት ፊደላት ተተክቷል። ይህ ሰው በሕፃን ላይ ከባድ ወንጀል ፈጽሞ ተፈርዶበት የእስር ጊዜውን ጨርሷል፤ ቪዛው ተሰርዞ ስለነበር ግን ከወህኒ ወጥቶ ወደ ኢሚግሬሽን እስር ገባ። የሚቀበለው አገር የለም። ማን ያዝንለታል? ኪሽን እኮ ብዙ ሺህ ሰው አጨብጭቦለታል፤ ለዚህኛው የሚያጨበጭብ የለም። ኖቬምበር 8 ቀን 2023 ግን ፍርድ ቤቱ የ2004ቱን ፍርድ ሻረ። በቅርብ ጊዜ ሊወጣ የማይችልን ሰው ማሰር ማስወጣት ሳይሆን መቅጣት ነው፤ መቅጣት ደግሞ የዳኛ ብቻ ነው አለ። ወደ 150 የሚጠጉ ሰዎች ተፈቱ።

መንግሥት በዚያው ወር በተፈቱት ሰዎች ቁርጭምጭሚት ላይ መከታተያ መሣሪያ ለማሰርና የሌሊት ሰዓት እላፊ ለመጣል የሚያስችል ሕግ አወጣ። በኖቬምበር 2024 ፍርድ ቤቱ ይህንንም በአምስት ለሁለት ድምፅ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ቅጣት ነው ብሎ ሻረው። በ2025 መንግሥት ለትንሿ የናውሩ ደሴት ገንዘብ ከፍሎ እንዲህ ያሉትን ሰዎች እንድትቀበል ተስማማ። ሙግቱ ገና አላለቀም ማለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «እንግዳ ባለቤቱ ውጣ ሲለው መውጣት ነው፤ ምን ክስ ያስፈልጋል?» ይላሉ። መልሱ እንዲህ ይመስለኛል። ከላይ ካየናቸው ችሎቶች አንዱም መንግሥት ባዕዱን ማስወጣት አይችልም አላለም። ማስወጣት ሌላ ነው፤ የሚሄድበት የሌለውን ሰው «እስክትወጣ» እያሉ መዝጋት ሌላ። ሁለተኛውን በመጀመሪያው ስም መጥራት ያለ ፍርድ የምትሄድ ጭብጦ ማለት ናት። ሥልጣን ያለ ጠያቂ ማሰር የሚለምደው ደግሞ ማንም ከማይወደው ሰው ጀምሮ ነው።

ሌላም የሚቀር ሒሳብ አለ። ኪሽ ኮሚቴ ነበረው፤ ጠበቃ ነበረው፤ ጋዜጣ ነበረው። ከሱ በፊትና በኋላ በወደቡ ላይ በማያውቁት ቋንቋ ሃምሳ ቃላት ተነቦላቸው፣ እርሳሱን አስቀምጠው ወደ መርከቡ የተመለሱት ሰዎች ግን «በማን ሥልጣን?» ብሎ የሚጠይቅላቸው አላገኙም። እኛ የታሪክ ተማሪዎች የፍርድ መዝገብ ስናነብ የምናገኘው የተሟገተውን ሰው ነው። መዝገብ ያልተከፈተላቸው ከሱ ይልቅ ብዙ መሆናቸውን ግን አንርሳ።