ሌባሻይና ዶክተር ካሊጋሪ

አዲስ አበባ ከሲኒማ ጋር ገና ስትተዋወቅ፣ ፊልም ለሚታይበት ቤት ያወጣችለት ስም «የሰይጣን ቤት» ነበር። ስም አውጪዎቹ የፊልሙን ታሪክ ተከታትለው፣ ወድደው ወይም ጠልተው አይደለም እንዲያ ያሉት። ያስበረገጋቸው ምስሉ ነው፤ በግድግዳ ላይ የሚራመድ፣ የሚስቅ፣ የሚሞት ጥላ። ዛሬ ይህን ስናወራ ፈገግ እንላለን። ይሁን እንጂ ሠለጠነ በሚባለው አገርም ምስሉ ታሪኩን ቀድሞ ልብ የሰረቀባቸው ፊልሞች ነበሩ። ለዛሬው ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ ፊልም እንደ አባት የሚቆጠረው፣ በየካቲት 1912 ዓ.ም. በርሊን ላይ ለሕዝብ የቀረበው «የዶክተር ካሊጋሪ ካቢኔት» አንዱ ነው።

ፊልሙ ድምፅ የለውም። ዳይሬክተሩ ሮበርት ቪነ ይባላል፤ ዝናውን ያተረፉለት ግን ሄርማን ቫርም፣ ቫልተር ራይማንና ቫልተር ረሪግ የተባሉ ሦስት ሠዓልያን ናቸው። ከተማውን በሸራ ላይ ሣሉት። ቤቶቹ ዘመዋል፤ መስኮቶቹ ተንጋደዋል፤ ጎዳናው እንደ ቢላዋ ስለት እየቀጠነ ይሄዳል። አብዛኛው ጥላ እንኳ የመብራት ሥራ ሳይሆን በቀለም የተቀባ ነው። የተረበሸ አእምሮ ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል ከእርሱ በፊት በዚህ ድፍረት ያሳየ ፊልም እኔ አላውቅም።

ታሪኩስ? ካሊጋሪ የተባለ ሽማግሌ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ባዛር ይመጣል። የሬሣ ሣጥን በመሰለ ነገር ውስጥ የተኛ ቼዛሬ የሚባል ወጣት ይዟል። ወጣቱ ጌታው ሲቀሰቅሰው ይነቃል፤ ይጠነቁላል። አለን የተባለ ተመልካች «እስከ መቼ እኖራለሁ?» ሲለው «እስከ ንጋት» ብሎ ይመልስለታል፤ አለንም በዚያው ሌሊት ይገደላል። ጓደኛው ፍራንሲስ ነገሩን ሲከታተል ዱካው ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ያደርሰዋል። ካሊጋሪ ለካ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ኖሯል!

ይህን ፊልም ሉማሜ ከአንድ አዛውንት ዘመዴ ጋር በኮምፒዩተር አይቼዋለሁ። በመሐል በመሐል የሚመጣውን ጽሑፍ እተረጉምላቸው ነበር። ቼዛሬ ከሣጥኑ ተነሥቶ ዓይኑን ሲያፈጥ ግን ትርጉሙን ትተው፣ «ይኸማ ሌባሻይ ነው» አሉኝ።

እውነትም ነው። ሌባሻይ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ሌባ ይታደንበት የነበረ ሥርዓት ነው። አንድ ብላቴና መድኃኒት ይጠጣል፤ ጭስ ይስባል፤ ራሱን ሲስት ወገቡ ላይ ጨርቅ ይታሰርና ጌታው ጫፉን ይዞ ይከተለዋል። ልጁ በየመንደሩ እየሮጠ፣ እየወደቀ እየተነሣ ሄዶ ከአንዱ ቤት ገብቶ ይዘረራል። የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ በቃ። «የለሁበትም» ቢል ማን ይሰማዋል? ልጁ አያውቅም፣ ተኝቷል። ጌታው አላውቅም ይላል፤ ያገኘው ልጁ ነዋ! ፍርዱን የሰጠው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሰውዬው ይከፍላል። በርሊኖች በሸራ የሣሉትን ነገር የእኛ ሰዎች በየመንደራቸው ኖረውታል ማለት ነው። ሥርዓቱ እየቀረ የሄደው በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው።

ወደ ፊልሙ ልመለስ፤ ጉዱ ያለው መጨረሻው ላይ ነውና። ፍራንሲስ ወንጀለኛውን አጋልጦ ታሪኩ አለቀ ስንል፣ ይህን ሁሉ ሲተርክልን የነበረው ራሱ ፍራንሲስ የዚያው ሆስፒታል ታካሚ ሆኖ እናገኘዋለን። ዳይሬክተሩ ደግ ሐኪም ነው፤ በሽታውን አውቄዋለሁ፣ አድነዋለሁም ይላል። አለቀ። ዘመዴ ይህን ሲያዩ፣ «ጮኾ የተናገረውን እብድ አሉት? ተገላገሉታ!» አሉ።

ከድርሰቱ ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው ሃንስ ያኖቪትስም ቅሬታው ይኸው ነበር። እርሱና ካርል ማየር ሰውን አስተኝቶ የሚያስገድል ሥልጣንን ለመክሰስ ያሰቡት ታሪክ፣ በተጨመረበት መጨረሻ ምክንያት ሥልጣንን የሚያወድስ ሆነ ባይ ነው። ሲግፍሪድ ክራካወር የተባለው ሐያሲ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ይዞ ከካሊጋሪ እስከ ሂትለር ድረስ መንገድ ዘረጋበት። ኋላ የተገኘው የፊልሙ ጽሑፍ ግን ነገሩን አወሳሰበው፤ መነሻው ድርሰትም ፍራንሲስ ከዓመታት በኋላ ለእንግዶች ሲያወጋ የሚጀምር ነበር፤ እብድ ግን አልነበረም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ታሪኩ «ያያችሁት ሁሉ የእብድ ቅዠት ነው» ካለ በኋላ የሆስፒታሉ ግቢ ቀጥ ማለት፣ ግድግዳው መቃናት ነበረበት። አልተቃናም። ጤነኛ በተባለውም ዓለም ውስጥ መስመሩ እንደዘመመ ነው። ሠዓልያኑ አስበውበት ይሁን ሸራ ለመቆጠብ፣ ምስሉ ለታሪኩ አልታዘዘም። ታሪኩ ጌታውን ነፃ ሲለቅቅ ግድግዳው ይመሰክርበታል። ደካማ ታሪክ ያለው ፊልም ሁሉ ግን እንዲህ ዓይነት ታማኝ ግድግዳ አይገጥመውም።

በእኛ በኩል እብዱን የሚያምን ፊልም አለ። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ ዘውዱ በሚንገዳገድበት ሰሞን፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ የቀረጸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ታሪኩን እንንገር ብንል ከአንድ አንቀጽ አያልፍም። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ያርሳል፤ ባለመሬቱ ባርኔጣውን ደፍቶ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጦ ይጮኻል፤ ከበበ የተባለው፣ መሬቱን የተነጠቀ እብድ ደግሞ ማንም የማይደፍረውን እየተናገረ ይዞራል። መጨረሻ ላይ ባለመሬቱን ቀጥቅጦ ይገድለዋል። እዚህ ሐኪም መጥቶ «ይህ በሽተኛ ነው» አይለንም።

ዘመዴ ግን በዚህም ፊልም ጥያቄ ነበራቸው። «ርስት የለውም ሰውዬው?» አሉ። የጎጃም ሰው ናቸው። በጎጃም ገበሬው በአብዛኛው ባለ ርስት እንጂ ጭሰኛ አልነበረም፤ በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምፅም የፈራው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ እንዳይሄድበት ነበር። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከበት፤ በማግሥቱ ዓመት ውዝፉን ግብር ማረ። ስለዚህ ሉማሜ ተቀምጦ ያን ባለመሬት የሚያይ ሰው የራሱን አይደለም የሚያየው፤ ሊመጣበት ይችል የነበረውን ነው። ይህን አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ብዙም አላሳመንኳቸውም።

በፊልሙ ውስጥ በሕልም የሚታይ አንድ ቦታ አለ። ባልና ሚስቱ እንደ በሬ ተጠምደው ያርሳሉ፤ ባለመሬቱ ከኋላ ጅራፍ ይዞ ይነዳቸዋል። ዘመዴ እዚያ ስንደርስ ዝም አሉ። ፊልሙ አልቆ ኮምፒዩተሩን ልዘጋ ስል፣ «እስቲ ያችን መልሳት» አሉኝ። መለስኳት።